ሰፌዱና ጠጋኙ

በደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ እናት ገብሱን በሰፌድ አድርጋ ጠጠሩን ትለቅማለች። ሊቃውንትም የደምን ሴል ይለቅማሉ፤ ሰፌዳቸው ግን የሌዘር ብርሃን ነው። ሴሎቹ በተራ በብርሃኑ ፊት ሲያልፉ ይለያሉ፤ የተፈለጉትን የያዙት ጠብታዎች በኤሌክትሪክ ኃይል ተስበው ለብቻ ይጠራቀማሉ።

እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከሥጋ ደዌ ተነሥቶ ዛሬ የሳንባ ነቀርሳንም ይመረምራል። ብዙዎች በጋራ በሚመራመሩበት እንዲህ ባለ ቤት አንድ መሣሪያ ቢቆም የሁሉም ሥራ ይጓተታል፤ ሕያው ሴል መለዋወጫ እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ አሮጌው በአዲስ ሲተካ የመግዣው ገንዘብ ብቻ አይታሰብ፤ የጠጋኙ ትምህርት፣ መለዋወጫውና የማይቋረጥ መብራትም አብረው ይመደቡ እንላለን። መሣሪያ ማስመጣት ክብር ከሆነ፣ መጠገን መቻል የበለጠ ክብር ነው።