ውሻው ለምን ይናከሳል? ምንስ ይደረግ?

«ከቤት እስከ ጎረቤት» ዓምድ

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጫወተው ስለ ውሻ ነው። «የሰው ችግር አልቆ ነው ወይ ስለ ውሻ የምታወሩት?» የሚል አይጠፋም። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገሩ የልጆቻችን፣ የጉርብትናችንና የጤናችን ጉዳይ ነው።

መነሻችን ከካርቲየ ሰባት አንዲት እህታችን ያቀረበችልን ጥያቄ ነው። አሳጥረን እንዲህ አቅርበነዋል።

«እሠራላቸው የነበሩት ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ውሻቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። እዚያ ሄሮን እያለ ፀባዩ ሸጋ ነበር። እዚህ ካመጣሁት ወዲህ ግን ሰው ባለፈ ቁጥር ይጮኻል፣ ጥርሱን ያሳያል። በቀደም የጎረቤቴን ልጅ ሱሪ ያዘ። እግዜር ይመስገን፣ ልጁን አልነካውም። ጎረቤቶቼ ግን ተቀይመዋል፤ አከራዬም አስወጪው እያለችኝ ነው። አንዱ ደብድቢው ይለኛል፣ ሌላው መርዝ ስጪው ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

እህታችን፣ በመጀመሪያ ደረጃ አትደብድቢው። መርዙንም እርሺው። በካርቲየ ሰባት መተላለፊያ ፍየል ይዞራል፣ ሕፃን መሬት ላይ ይጫወታል። ለውሻ የተጣለ መርዝ የማን አፍ እንደሚገባ አይታወቅም።

ውሻው ምን ሆነ?

ብዙ ሰው ተናካሽ ውሻ ሲያይ «ክፉ ነው» ወይም «ንቆኛል» ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚናከስ ውሻ የፈራ ውሻ ነው። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባው «እንዴት ልቅጣው?» ብለን ሳይሆን «ምን አስፈራው?» ብለን ነው።

እስቲ የእህታችንን ውሻ እንመልከት። ሰፊ ግቢ ለምዶ፣ ጌቶቹን አጥቶ፣ በአንድ ቀን ከቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ታሰረ። በአፍንጫው ሥር ልጆች ይሮጣሉ፣ ኳስ ይመታል፣ ጋሪ ያልፋል። እሱ ደግሞ በሰንሰለት ስለተያዘ መሸሽ አይችልም። መሸሽ ያልቻለ እንስሳ ያለው ምርጫ ማስፈራራት ነው። ሲጮህ መንገደኛው ያልፋል (መንገደኛውማ ድሮም አላፊ ነበር!)፤ ውሻው ግን «በጩኸቴ አባረርኩት» ብሎ ይማራል። ነገም አብዝቶ ይጮኻል። ቀን አስረን ማታ የምንፈታው የአገራችን ዘበኛ ውሻም ብዙ ጊዜ ተናካሽ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ሕመም አንዱ ነው። ጆሮው ውስጥ መዥገር የገባበት ወይም ቁስል ያለበት ውሻ ሲነኩት ይናከሳል። ምግቡን የሚጠብቅ፣ ቡችሎቿን የምትጠብቅ፣ ከእንቅልፉ በድንገት የተቀሰቀሰም እንዲሁ። ሙቀቱንም አትርሱት። ውሻ እንደ እኛ ገላው አያልበውም፤ በዋናነት የሚበርደው በማለክለክ ነው። በጅቡቲ በጋ ያለ ጥላና ያለ ውኃ የታሰረ ውሻ ትዕግሥት ከየት ያምጣ?

ከመንከሱ በፊት ይናገራል

«የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» የሚለውን ተረት አትመኑት፤ የሚጮኽም ይናከሳል። ይልቅ ምልክቱን ማወቅ ይበጃል። የተጨነቀ ውሻ ፊቱን ያዞራል፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ቀጥሎ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያሳያል። ጭራውን ስለቆላ ብቻ ደስ ብሎታል ማለትም አይደለም፤ ጭራውን ሽቅብ ገትሮ የሚያርገበግብ ውሻ ሊናከስ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልን። ስላጉረመረመ አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በዱላ ማጉረምረሙን ያስተዉት ውሻ ፍርሃቱ አይለቀውም፤ የሚቀረው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሳይናገር ይነክሳል።

«ውሻ አለቃውን ማወቅ አለበት፣ ካልተመታ ይገዛሃል» የሚሉም አሉ። ይህ አባባል የተስፋፋው በግቢ ተዘግተው የኖሩ ተኩላዎችን በማጥናት ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ሐሳቡን ካስፋፉት አንዱ የሆነው አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሚች፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ራሱ አርሞታል። በዱር ያለው የተኩላ መንጋ በጠብ የተመረጠ አለቃ ያለው ሳይሆን አባት፣ እናትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነው ብሏል።

እንዴት ይታረማል?

1ኛ፦ መጀመሪያ አደጋውን አርቂ። ውሻውን ከበር ላይ አንሥተሽ ወደ ውስጥ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ውሰጅው። መንገደኛ እንዳያይ በጆንያ ወይም በአሮጌ ምንጣፍ ጋርጂለት። ውኃ አይለየው። ከልጅ ጋር ብቻውን ለአንድ ደቂቃም አትተይው። ወደ ውጭ ስታወጪው ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወይም ማታ ይሁን፤ የአፍ ማሰሪያም አድርጊለት፤ ማለክለክ የሚያስችለው ዓይነት ይሁን።

2ኛ፦ የሚፈራውን ነገር ከመልካም ነገር ጋር አገናኚለት። የሚያግዝሽ ሰው ራቅ ብሎ ይቁም፤ ውሻው እያየው የማይጮህበት ርቀት ላይ። ሰውየው ሲታይ ቁራሽ ዳቦ ወይም ትንሽ ሥጋ ስጪው፤ ሰውየው ሲሄድ መስጠቱን አቁሚ። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ቀን እየቆጠራችሁ በአንድ እርምጃ፣ በሁለት እርምጃ ቀረብ በሉ። ከጮኸ ተቻኩላችኋል ማለት ነውና ወደ ኋላ ተመለሱ። ከሳምንታት በኋላ «ሰው መጣ» ማለት ለውሻው «ጠላት መጣ» መሆኑ ቀርቶ «ዳቦ መጣ» ይሆናል።

3ኛ፦ ከአፉ አትንጠቂው። የያዘውን እንዲለቅ ከፈለግሽ የተሻለ ነገር አሳይተሽ ለውጪው። የሚነጥቁት ውሻ መጠበቅ ይማራል፤ የሚለውጡት ግን መልቀቅ ይለምዳል።

4ኛ፦ በሚያውቀው ቋንቋ አናግሪው። ፈረንጆቹ ያሳደጉት ከሆነ «ተቀመጥ» ብትይው ምን ይገባዋል? «አሲ» በይውና እዪ፣ በፈረንሳይኛ ተቀመጥ ማለት ነው። ከዚያ «አሲ፣ ተቀመጥ» እያልሽ አማርኛውን አስተምሪው። እሱም እንደኛው ቋንቋ የቸገረው ስደተኛ ነው!

እንስሳ ሐኪም ማግኘት ከተቻለ ሕመም እንዳለበት ይታይ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ይከተብ። ቡችላ የምታሳድጉ ደግሞ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ዕድሜው ባለው ጊዜ ከልዩ ልዩ ሰው ጋር በሰላም አላምዱት። ያኔ የለመደውን ሲያድግ ብዙም አይፈራም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው መንከሱን ካልተወስ? እውነቱን እንነጋገር። አንዳንድ ውሻ በተጣበበ ሰፈር መኖር አይችልም። ያኔ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው፣ ፀባዩን ሳይደብቁ ነግሮ መስጠት ይሻላል። መንገድ ላይ መጣል ግን ችግሩን ለሌላው ልጅ ማስተላለፍ ነው።

ጉርብትናውን አደራ

እኛ በሰው አገር ነው ያለነው። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ለሃጭ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱንም በአፈር፣ ይታጠባል። ለሶላት የሚሄድ ሰው ውሻ ሲታከከው ቢቆጣ ጥላቻ አይደለም፣ ሥርዓቱ ነው። በሶላት ሰዓት ውሻውን መያዝ የኛ ፈንታ ነው። እህታችንም የልጁን እናት ቡና ጠርተሽ ይቅርታ ጠይቂ፤ ምን እያደረግሽ እንደሆነም ንገሪያት።

ልጆችን እንዲህ እናስተምር። የሚበላ፣ የተኛ፣ የታሰረ ወይም ቡችላ ያላት ውሻ አይነካም። ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ እጃችሁን ሰብስባችሁ፣ ዓይኑን ሳታዩ እንደ ዛፍ ቁሙ። ከወደቃችሁ ፊትና አንገታችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ እንደ ድንጋይ ተጠቅለሉ።

ከነከሰስ?

ይህችን ክፍል ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፏት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ይከለከላል። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ናቸው።

ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። በርበሬ፣ ቡና፣ ዘይት ወይም ቅጠል አታድርጉበት። ጭረት ቢሆንም አትናቁት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱና ስለ ክትባቱ ጠይቁ። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን አያስቀር። በአዲስ አበባ «ፓስተር» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በሉዊ ፓስተር ስም ከተጠራው ተቋም ነው። ፓስተር ጁላይ 6 ቀን 1885 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በዚህ ክትባት ማከም ጀመረ፣ ልጁም ዳነ። ድሮ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን መርፌ አስታውሳችሁ አትፍሩ፤ የዛሬው ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። የጀመራችሁትን ግን ሐኪሙ እስካዘዘው ድረስ ጨርሱ።

የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው ወዲያው አይገደል፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ። በእነዚህ ቀናት ከታመመ ወይም ከሞተ ለሐኪሙ ይነገር። ክትባቱ ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም። ፀባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ካያችሁ አትጠጉት፤ ይህ በዳቦ የሚታረም አይደለም።

ሐኪሙ ቋንቋችንን ካልሰማ ይህን አሳዩት ወይም ንገሩት።

በፈረንሳይኛ፦ «ኧን ሺየን ማ ሞርዱ» — ውሻ ነከሰኝ። የበሽታው ስም «ላ ራዥ» ይባላል።
በሶማልኛ፦ «ኤይ ባ ኢ ቀኒነይ» — ውሻ ነከሰኝ።

ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው፤ ልጆቹም በቃላቸው ይያዙት። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።