በ2100 ዓ.ም. ዕድሩ የት ነው?

የድሮ ተማሪዎቼ ይህን የቤት ሥራ ሳታስታውሱት አትቀሩም፦ «በ2100 ዓ.ም. ሰፈራችሁ ምን እንደሚመስል ጻፉ።» የመጣው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር። ባለ መስታወት ፎቅ፣ የሚበር መኪና፣ ቡና የሚያፈላ ሮቦት። እኔ ስለ ሰፈራችሁ ጠየቅኩ፣ እናንተ ዱባይን ጻፋችሁልኝ።

አንዷ ብቻ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እዚያ ሰው ሲሞት ማን ነው የሚቀብረው?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሳይንስ ልቦለድ የማሽን ወሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኡርሱላ ለ ጉዊንን እዩ። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር ስመ ጥር አንትሮፖሎጂስት ነበር። እሷም እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ልቦለድ አንድ ብርዳማ ፕላኔት ፈጠረች፤ ሰዎቹ ቋሚ ጾታ የላቸውም፣ ዛሬ አባት የሆነው ነገ እናት ሊሆን ይችላል። ከመንኮራኩሩ ይልቅ ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው፦ እንዲህ ባለ አገር ቤተሰብ ምን ይመስላል? ክብር በምን ይለካል? እንግዳስ እንዴት ይታመናል? የአንትሮፖሎጂስት ጥያቄ ማለት ይሄ ነው።

«እኛ ስለ ነገ የማለም ባህል የለንም» የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። ስምንተኛው ሺህ ታዲያ ምንድን ነው? ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ እንደሚያመጣ ይናገር ነበር። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ያንኑ ስም ወሰዱ። የታለመ ነገ እንዲህ አድርጎ ዛሬ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማን እንደሚያልምልን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

አሁን የሚታለምልን በየአጥሩ ላይ በተለጠፈው የሕንፃ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ ዛፍ አለ፣ መኪና አለ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ሳይቀር አለ። የልቅሶ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ግን እስካሁን አላየሁም። አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ ለቤቱ ምትክ ይገኝለት ይሆናል። ሠላሳ ዓመት አብሮ የቀበረና አብሮ የዳረ ጎረቤት ግን አንዴ በየአቅጣጫው ከተበተነ ምትክ የለውም።

ፎቁን አልጠላሁም፤ ሽንት ቤት ለአሥር ቤተሰብ የሚጋሩበትን ኑሮ የሚናፍቅ የለም። የምለው፣ ሥዕሉን የሚሠሩት ሰዎች የዚያችን ልጅ ጥያቄ ይመልሱ ነው።

እስቲ ያንን የቤት ሥራ እንደገና ሥሩልኝ። አሁን ልጆች ወልዳችኋል፣ ወላጅ የቀበራችሁም አላችሁ። ግን በዚህኛው ዙር ከፎቁ አትጀምሩ፤ ከልቅሶው ጀምሩ።