የሦስት ሳምንት መምህር

ህንድ ሄዶ የድሃ ልጆችን በበጎ ፈቃድ ማስተማር በአውሮፓና በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ የሚያስከብር ነገር ከሆነ ሰነበተ። ጉዞውን የሚያመቻቹ ድርጅቶች አሉ፤ ወጣቱ ለእነሱ ከፍሎ ጃይፑር ወይም ዳራምሳላ ወይም ኮልካታ ይገባል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተምራል፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ የመምህርነት ሥልጠና አይጠየቅም፤ እንግሊዝኛ መቻሉ ይበቃል። ሲመለስ ዘመድ ያመሰግነዋል፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በሚጽፈው ማመልከቻም ላይ ያሰፍረዋል። ከእኛም ወገን በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ፣ ልጁ ይህን ሐሳብ ይዞ ቢመጣ መርቆ ይሸኘዋል እንጂ አይከለክለውም። እኔ ግን ሊከለክለው ይገባል እላለሁ።

የወጣቶቹን ቅንነት አልጠራጠርም። ሙቀቱንና የባቡሩን ግፊያ ችለው የሚሄዱ ናቸው፤ በልባቸው ክፋት የለም። የምቃወመው ከጉዞው ሥር ያለውን እምነት ነው፤ የድሃ ልጅን ለማስተማር ማንም ይበቃል የሚለውን። ከሙምባይ የመጣ የ19 ዓመት ጎብኚ፣ እንግሊዝኛ ሳይችልና ሳይሠለጥን፣ ለንደን ውስጥ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ለሦስት ሳምንት ላስተምር ቢል በሩን የሚከፍትለት አይኖርም። ወላጆች ይጮኻሉ፤ መጮኻቸውም ልክ ነው።

ህንድም ብትሆን በዚህ ጉዳይ ሕግ አላት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በ2010 ሥራ ላይ የዋለው የትምህርት መብት ሕግ ከ6 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ ሁሉ ነጻና ግዴታ የሆነ ትምህርት ይደነግጋል፤ መምህሩ ሊያሟላው የሚገባ ዝቅተኛ የትምህርት ደረጃ እንዲኖር ያዛል፤ በአንደኛ ደረጃ ለ30 ልጅ አንድ መምህር እንዲመደብም ይጠይቃል። ያገሬው ሰው በመንግሥት ትምህርት ቤት ለመቀጠር ሠልጥኖ የብቃት ፈተና ማለፍ አለበት። እንግዳው ግን በቱሪስት ቪዛ፣ ያለ ክፍያ፣ እስከ አንድ ወር በበጎ ፈቃድ መሥራት ስለሚፈቀድለት በዚያው ገብቶ ጠመኔ ይጨብጣል።

ክፍሉ ውስጥ ያለውን ችግር ጠጋ ብሎ ላየ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፕራታም የተባለው፣ በ1995 ሙምባይ ውስጥ የተቋቋመው ድርጅት ከ2005 ጀምሮ በገጠር የሚኖሩ ልጆች ማንበብና ማስላት መቻላቸውን ሲለካ ቆይቷል። አለካኩ ቀላል ነው። መዛኙ እቤት ድረስ ሄዶ ከልጁ ጋር ይቀመጥና ያስነብበዋል፤ ፊደል፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ አጭር አንቀጽ፣ በመጨረሻም ለሁለተኛ ክፍል የሚመጥን ታሪክ። ውጤቱ ያሳዝናል፤ ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ያንን የሁለተኛ ክፍል ታሪክ ማንበብ የሚችሉት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ማንበብ ያቃታቸውም በእንግሊዝኛ ሳይሆን በሂንዲ፣ በማራቲ፣ በቤንጋሊ፣ ትምህርት ቤቱ በሚያስተምርበትና አብዛኛውን ጊዜም ሰፈሩ በሚናገረው ቋንቋ ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ የሚያስፈልገው ንባቡ የቱ ጋ እንደሚሰናከል ሰምቶ የሚያውቅለት ሰው ነው። የትኛውን ፊደል ከየትኛው እንዳምታታ፣ ዝም ያለው ስላልገባው ይሁን ስለፈራ፣ ትናንት የቀረው ታሞ ይሁን ታናሹን እንዲጠብቅ ታዝዞ መለየት ያስፈልጋል። ቋንቋውን የማይሰማ እንግዳ ይህን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ የሚችለውን ያስተምራል፤ የቀለማትን ስም፣ የአካል ክፍሎችን፣ አንድ መዝሙር። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ፤ እሱም ተማሩልኝ ብሎ ያምናል። ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ ይሄዳል፣ ሌላ ይተካል፤ የቀደመው ምን ላይ እንዳቆመ የሚነግረው ስለማያገኝ እሱም ከቀለማቱ ስም ይጀምራል። ዓመቱን ሙሉ ያስተማረው መምህር ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጥግ ይላል። ልጆቹ የለመዱትን ሰው በየወሩ ይሸኛሉ። ይህ በልጅ ልብ ላይ ምንም አይተውም ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የራሱን ልጅ መምህር በየወሩ ይቀያይርና ይየው።

መፍትሔው ከህንድ ውስጥ ከተገኘ ቆይቷል፤ የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ፕራታም በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች የየሰፈሩን ወጣት ሴቶች፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱትን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል አሠልጥኖ በትምህርት ቤቶች መደበ። ባልሳኪ ይባላሉ። እያንዳንዷ ወደኋላ የቀሩትን ልጆች ከክፍል ለይታ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ንባብና ቁጥር ታስተምራቸው ነበር። ኋላ በ2019 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሥራውን አጥንተው በ2007 አሳተሙ። የልጆቹ ውጤት ከፍ ብሏል፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ደካሞቹ ነበሩ። በኡታር ፕራዴሽ፣ በጃውንፑር መንደሮችም ጥቂት ቀን የሠለጠኑ ያገሬው በጎ ፈቃደኞች የንባብ ማስተማሪያ ከፍተው ነበር። የመጡት ልጆች ጥቂት መሆናቸው አይካድም፤ የመጡት ግን ማንበብ ላይ ግልጽ መሻሻል አሳይተዋል። በጎ ፈቃደኝነት ሲሠራ እንዲህ ነው፤ አስተማሪዋ የልጁን ቋንቋ ትናገራለች፣ ቤቱን ታውቃለች፣ በማግስቱም እዚያው ትገኛለች።

ባልሳኪዎቹ በዚያን ጊዜ በወር የሚከፈላቸው ከ10 እስከ 15 ዶላር ያህል ነበር። ይህ ራሱ ሊያሳፍር የሚገባ ክፍያ ነው፤ ርካሽ መሆኑ እንደ ትልቅ ጥቅም ሲወራ ስሰማ ያመኛል። እንግዲህ አንድ ወጣት ከአሜሪካ ደልሂ ደርሶ ለመመለስ ለአውሮፕላን የሚያወጣውን ገንዘብ ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በዚያ ገንዘብ አንዲት የሰፈር ልጅ፣ ደሞዟ እጥፍ ድርብ ሆኖ እንኳ፣ ዓመት ከዚያም በላይ ታስተምርበት ነበር።

«መምህሩ ከሥራ ይቀራል፤ ከባዶ ክፍል እንግዳ አይሻልም?» የሚሉ አሉ። መቅረቱ እውነት ነው። በ2003 በተካሄደ ሰፊ ጥናት አጥኚዎች በድንገት ሲደርሱ ከመንግሥት አንደኛ ደረጃ መምህራን ከአራቱ አንዱ በቦታው አልነበረም። ነገር ግን ለዚህም መድኃኒቱ ተሞክሯል። በራጃስታን፣ ኡዳይፑር አካባቢ ሴቫ ማንዲር የተባለ ድርጅት ለመምህራኑ ቀንና ሰዓት የሚመዘግብ ካሜራ ሰጥቶ፣ ከልጆቹ ጋር በተነሡት ፎቶ ልክ ደሞዛቸውን ሲያሰላ፣ ቀሪው ከ42 በመቶ ወደ 21 በመቶ ወረደ። ሥራውን የሠራው ክትትልና ደሞዝ ነው። እንግዳ የሚሞላው ወንበር ግን መምህሩ አለመኖሩን ከባለሥልጣኑ ዓይን ይሸፍናል።

የውጭ ሰው ከቶ አያስተምር ማለቴ እንዳልሆነ የእኛ ሀገር ታሪክ ይመሰክርልኛል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ብዙ ህንዳውያን መምህራን ኢትዮጵያ መጥተው እስከ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች ድረስ ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል። የተማሩ፣ በኮንትራት የተቀጠሩ፣ ለርዕሰ መምህሩ የሚጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ ዓመታት ቆይተው ተማሪውን ለብሔራዊ ፈተና ያበቁ ነበር። ስማቸውን እስከ ዛሬ በአክብሮት የሚያነሡ አዛውንቶች ሞልተዋል። ከህንድ ወደ እኛ የመጣው መምህር ነበር፤ ዛሬ ወደ ህንድ ልጆች የሚላከውም ከዚያ ማነስ የለበትም።

የእንግሊዝኛውን ሙግት አላቃልለውም። የህንድ ድሃ ወላጅ ከጉሮሮው ነጥቆ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት የሚልከው እንግሊዝኛ ሥራ ያስገኛል ብሎ ነው፤ የውጭ እንግዳ ክፍል ውስጥ ሲያይ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ይሁንና ቋንቋ በሦስት ሳምንት አይያዝም። እንግሊዝኛ ማስተማር የሠለጠነና ዓመት መቆየት የሚችል ሰው ካለ ይሂድ፤ ከልጆቹም በፊት ከመምህራኑ ጋር ይቀመጥ፣ እሱ ከሄደ በኋላ የሚቀሩት እነሱ ናቸውና። ህንድን ማየት የሚፈልግ ወጣት እንደ ጎብኚ ይሂድ፤ ምኑም ነውር የለውም። የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ግን ካገራቸው አመልካች የሚጠይቁትን ሁሉ ከውጭ የሚመጣውንም ይጠይቁት፤ የሥልጠና ማስረጃ አለህ ወይ፣ የልጆቹን ቋንቋ ትሰማለህ ወይ፣ ከወንጀል ነጻ ስለመሆንህ ከፖሊስ ወረቀት ይዘሃል ወይ፣ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ትቆያለህ ወይ። ወላጅም የአውሮፕላን ቲኬቱን ከመግዛቱ በፊት ልጁን አስቀምጦ እነዚህኑ ይጠይቀው።