በስህተት ነው ማለት አይበቃም

ከላስታ በስተደቡብ፣ በደላንታ ወገል ጤና ከተማ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ድሮን አምቡላንስ መትቶ ቢያንስ 4 ሲቪሎች መሞታቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። በስህተት ነው ቢባል እንኳ በእኛ ዘንድ ነገሩ አይዘጋም። ሳያስበው አማኝን ወይም የቃል ኪዳን ባለቤትን የገደለ ለቤተሰቡ የደም ካሳ ይከፍላል፤ ነጻ የሚያወጣው ባሪያ ካጣም ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። የረመዷን እጥፍ መሆኑ ነው።

ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ የበኒ ጀዚማን ሰዎች ያለ አግባብ ሲገድሉ፣ የላኳቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአዝማቹ ብቻ አላሳበቡም፤ ሰይዲና ዐሊን ልከው እስከ ውሻ መጠጫ ገበቴ ድረስ ካሳ አስከፈሉ። መንግሥትም ትእዛዙን የሰጠውን ለይቶ ይጠይቅ፣ ለቤተሰቦቹም ካሳ ይክፈል እንላለን። ዛሬ በኢፍጣር ዱዓ ስናደርግ የሟቾቹን ቤት እናስባለን፤ ሙስሊም ነው ክርስቲያን ብለን አንጠይቅም።