የሚያሥቅ የሥዕል መጽሐፍና የግሼ ሕፃናት

ሕፃን ፊደል ከመለየቱ አስቀድሞ ሥዕል እንዲለይ፥ ቃል አጥንቶ ከመናገሩም አስቀድሞ መሣቅ እንዲችል ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህ የታወቀ ሲሆን፥ ለሕፃን በእጁ የሚሰጠው የመጀመሪያው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ሥዕል የሌለበትና ፈገግ የማያሰኝ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? ነገሩ በሰሜን ሸዋ፥ በግሼ ወረዳ ዋና ከተማ በራቤል ያሉ የትምህርት ሹማምንትና ካህናት ሊመረምሩት የሚገባ ነው።

ራቤል ደጋ ናት። ሰዉ ገብስ አርሶ፥ በግ አርብቶ፥ ከበጉም ጠጉር ባና አሠርቶ ለብሶ የሚኖር ነው። ብርዱ ብርቱ ስለ ሆነ ማታ ማታ ቤተ ሰብ ሁሉ በእሳት ዙሪያ ይሰበሰባል፤ በዚያም ተረት ይነገራል። ልጆቹ በጅብ ሞኝነትና በዝንጀሮ ተንኰል እስኪደክሙ ድረስ ይሥቃሉ። ያው ልጅ በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ግን ሣቁን ከደጅ ትቶ እንዲገባ ይታዘዛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ማለት በሕፃኑ ልብ ውስጥ የቁጣና የአለንጋ ባልንጀራ ሆኖ ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች መጽሐፍ የተከበረ ነገር ስለ ሆነ ለሣቅ ሊውል አይገባም ይላሉ። አሳባቸው ከክብር የመጣ ነውና አይነቀፍም፤ ነገር ግን ይስሐቅ የሚለው ስም ራሱ ከሣቅ የወጣ መሆኑን ከካህናት የሚስተው የለም፤ መጽሐፈ መክብብም ለሣቅ ጊዜ ሰጥቶታል። የአቋቋም መምህር የነበሩት አለቃ ገብረ ሐና እስከ ዛሬ ድረስ በሕዝብ አፍ የሚኖሩት በዕውቀታቸው ብቻ ሳይሆን በቀልዳቸው ነው። ስለ ሥዕሉም ቢሆን፥ ቤተ ክርስቲያን ማንበብ የማይችለውን ሕዝብ በግድግዳ ሥዕል ስታስተምር የኖረች ናት። በተአምረ ማርያም መጻሕፍት ውስጥ እመቤታችን ለተጠማው ውሻ በጫማዋ ውኃ ስታጠጣ የተሣለውን ያየ ሕፃን፥ ንባቡን ሳይሰማ ርኅራኄን ይማራል። እንግዲህ ሥዕልና ታሪክ አብረው እንዲሄዱ ማድረግ ከውጭ አገር የመጣ ፈሊጥ ተብሎ ሊፈራ አይገባውም።

ሣቅ ከንቱ የሚመስለው ምክንያቱን ላላስተዋለ ሰው ነው። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ፥ አህያ ነጠላ ለብሳ ወደ ገበያ ስትሄድ የሚያሳይ ሥዕል አይታ ብትሥቅ፥ አህያ ነጠላ እንደማትለብስ አስቀድማ ዐውቃለች ማለት ነው። ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ሥርዓቱ ሲገለበጥ ቢያይ አያሥቀውም። ስለዚህ የሕፃን ሣቅ የማስተዋሉ ፈተና ነው። ተማሪ ገጹን ሁሉ በቃሉ ወጥቶ ምሥጢሩን ሳያውቀው ሊቀር ይችላል፤ ምሥጢሩን ሳያውቅ በሚያሥቀው ቦታ ላይ በጊዜው የሚሥቅ ግን አይገኝም።

አነባበቡም የራሱ ጠባይ አለው። አንባቢው ሕፃኑን በጎኑ ወይም በጭኑ ያስቀምጣል፤ መጽሐፉን በሁለቱ መካከል ይይዛል፤ ገጹን ሕፃኑ ራሱ እንዲገልጥ ይተወዋል። ቃሉን ከማንበቡ በፊት «ይህ ምን እያደረገ ነው? ቀጥሎስ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» እያለ ይጠይቃል። ሕፃኑ የተሳሳተ እንደ ሆነ አይቈጣም፤ ገጹ ሲገለጥ ስሕተቱን መጽሐፉ ራሱ ያቀናለታልና። አንድ መጽሐፍ ዐሥር ጊዜ ድገሙልኝ ቢልም ሊሰለቹት አይገባም። ከፊደል ቆጠራ እስከ ዳዊት ድረስ በመደጋገም የተማረ ካህን የመደጋገምን ጥቅም ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ማንበብ የማትችል እናትም ሥዕሉን እያየች ታሪኩን በራስዋ ቃል ብትተርክለት ልጅዋ ተጠቀመ እንጂ አልተጐዳም።

በዚህ ነገር ብዙ የደከሙት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። እኒህ ሰው ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት በ19 ዓመታቸው ነበረ። በኋላ ተሰደው አሜሪካ ገቡና በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሠሩ። በዚያም የብዙ ሕዝብ ልጆች በየቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ሲያገኙ ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን እንደሌለ ተመለከቱ። ከዚህ የተነሣ «ሞኙ ማሞ» የተባለውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ ቀለም የሥዕል መጽሐፍ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 አሳተሙ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ እያዞሩ ለልጆች የሚያደርሱበትን ሥራ ጀመሩ።

ማሞ የሚያሥቀው እናቱ ለትናንቱ ዕቃ የሰጠችውን ምክር ለዛሬው ዕቃ ስለሚያውለው ነው። ሕፃኑ ሊመጣ ያለውን ጥፋት ከማሞ ቀድሞ ያየዋልና ደስ ይለዋል። (ያምናውን ደብዳቤ ለዘንድሮው ጉዳይ የሚጠቅስ የመሥሪያ ቤት ሰውም ይህን መጽሐፍ ቢያነበው አይጐዳውም።)

የሚያሥቅ የሥዕል መጽሐፍ ለመሥራት ታላቅ ማተሚያ ቤት የግድ አያስፈልግም። ሐኪሙ ሔንሪክ ሆፍማን በፍራንክፈርት ከተማ በፈረንጆች በ1844 ለሦስት ዓመት ልጁ የገና ስጦታ የሚሆን መጽሐፍ ፈልጎ ደስ የሚያሰኝ ባጣ ጊዜ፥ ባዶ ደብተር ገዝቶ ሥዕሉንም ግጥሙንም ራሱ ሠራው። በማግሥቱ ዓመት ታትሞ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ። በራቤልም ብራና መዳመጥና ሐረግ መሣል የተማረ ደብተራ፥ ማኒላ ወረቀት አጥፎ መስፋት የሚችል መምህር ቢፈለግ አይታጣም። ታሪኩም ከቅርብ ሊገኝ ይችላል፤ የመንዝ ልጅ የጓሳን ጭላዳ ዝንጀሮ ያውቃልና ባና ደርቦ ከበግ ጠባቂ ጋር ምሳ የሚሻማ ጭላዳ ቢሣልለት ይበቃዋል። በበረዶ ላይ ስለሚንሸራተት የባዕድ አገር ድብ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ የልግስና መጽሐፍ ግን፥ ሰጪውን እያመሰገኑ ቢቀበሉትም፥ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መምህሩ ራሱ ሳያነበው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣልና።

ከመጽሐፍ እጦት ይልቅ የሚያሳዝነው የተገኘው መጽሐፍ ተቈልፎ መኖሩ ነው። በፈረንጆች በ2010 በኢትዮጵያ በተደረገው የንባብ ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በዚህ መካከል በየአገሩ ብዙ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ በሞዴል 19 ገቢ ከሆነ በኋላ ወደ ቁም ሣጥን ገብቶ ቁልፉ በኪስ ይውላል። ይህን የሚያደርገው ንብረት ጠባቂ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሕፃን መጽሐፉን ቢቀድደው ወይም ወጥ ቢያፈስበት ተጠያቂው እርሱ ስለ ሆነ፥ በሕግ ፊት የሚያድነውን መንገድ መረጠ። ሙሉ ሆኖ የተቈጠረለት ያልተነበበ መጽሐፍ ያስመሰግነዋል፤ ከመቶ ልጆች እጅ የተመለሰ የነተበ መጽሐፍ ግን ዕዳ ያመጣበታል።

ስለዚህ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከፋይናንስ ሹሞች ጋር ተስማምቶ፥ ለሕፃናት የተሰጠ የሥዕል መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ቋሚ ንብረት ሳይሆን እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ሆኖ እንዲመዘገብ ቢያደርግ መልካም ይሆናል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብዳቤና አንድ ፊርማ ይበቃዋል። ንባቡንም በቅድመ መደበኛ ክፍል በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ማድረግ ይቻላል። ቅዳሜ ደግሞ ከፍ ያሉት ተማሪዎችና ዲያቆናቱ ለታናናሾቻቸው ቢያነቡ፥ ታናሹም ይሥቃል፤ ታላቁም ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይለምዳል። መጻሕፍቱም ከዚያው ማታ በልጆቹ እጅ ወደ ቤት ሄደው በእሳቱ ዳር ከተረቱ ጋር እንዲያድሩ፥ ሰኞ ጧትም እንዲመለሱ ማድረግ ነው።