ሴሊካስ ትመለስ፤ ማን ሊያስገባት ነው?

ሴሊካ ልትመለስ ነው አሉ። የምን ሴሊካ ለምትሉ፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ እስከ 2006 ድረስ ሰባት ትውልድ እያፈራረቀ ያመረታት የስፖርት መኪና ናት። ወሬው ከጃፓን ተነሥቶ፣ ደቡብ አፍሪካ ያሉ የሐዲያና የከምባታ ልጆችን ስልክ አዳርሶ፣ እነሆ እዚህ ጠምባሮ፣ ሙዱላ ገብቷል። ሻይ ቤት ቁጭ ያለ ወጣት ሁሉ መሐንዲስ ሆኗል። አንዱ «ሞተሯ መሐል ላይ ነው የሚቀመጠው» ይላል። ሌላው «ኧረ ፊት ነው፣ አራቱም ጎማ ይነዳል» ብሎ ይሟገታል። ሦስተኛው የዋጋዋን ነገር ያነሣና ሁሉም ይስቃል።

ይህን የሰማ ትልቅ ሰው ሁሉ የሚሰነዝረው ተግሣጽ አንድ ዓይነት ነው። «ጤፍ ስንት እንደገባ አታውቁም? የእናንተ ጭንቀት የጃፓን መኪና ሆነ?» ይላል። ተግሣጹ እውነትነት አያጣም። ነገር ግን ልጆቹን እንደ ሥራ ፈት ብቻ ማየት ስሕተት ነው እላለሁ። ስለ ሞተር መከራከር ስለ ሙያ መከራከር ነው። ኳስ ተጫዋች ከየትኛው ክለብ ወደ የትኛው ሄደ ብሎ ሲሟገት የሚያመሽን ወጣት ማንም አይቆጣም። ፒስተንና ካምቢዮ የሚያነሣው ለምን ይወቀሳል?

ደግሞ ወሬው መሠረት የለሽ አይደለም። የቶዮታው ሊቀ መንበር አኪዮ ቶዮዳ ሴሊካ እንድትመለስ እንደሚፈልጉ በ2023 በአደባባይ ተናግረዋል። በኅዳር 2024 በጃፓን ራሊ ላይ ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ናካጂማ ኩባንያው በሴሊካ ላይ እየሠራ መሆኑን አረጋገጡ። በዚያው ዓመት ቶዮታ አዲስ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር እያዘጋጀ መሆኑን አሳይቷል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ሞተሩ በአንዲት የሙከራ ያሪስ መሐል ላይ ተቀምጦ ለሕዝብ ቀረበ። «ሞተሯ መሐል ነው» የሚለው የሙዱላ ልጅ ከሰማይ አልቀዳውም ማለት ነው።

ሌሎቹም ቀድመው ተመልሰዋል። ቶዮታ ሱፕራ በ2002 ቆማ በ2019 መጣች፤ እሷም ቢሆን በቢኤምደብሊው ሞተር፣ ኦስትሪያ አገር ግራዝ ከተማ ተገጣጥማ ነው። «ይቺማ ጀርመን ናት» ብለው ያኮረፉባት ብዙ ናቸው። ሆንዳ ፕሪሉድ በ2001 ቆማ በ2025 በሃይብሪድ ተመለሰች። ስለዚህ ሴሊካም ብትመለስ የቀድሞዋን ሴሊካ ትመስላለች ብሎ የሚጠብቅ ይዘን። ስም ይመለሳል፤ ብረቱ ግን ሌላ ነው።

እኛ አፍሪካውያን ሴሊካን የምናስታውስበት የራሳችን ምክንያት አለን። ዝናዋን ያገኘችው በቶኪዮ አስፋልት ላይ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ በሳፋሪ ራሊ አቧራና ጭቃ ውስጥ ነው። በ1984፣ በ1985 እና በ1986 በተከታታይ አሸነፈች። ከዚያ በ1990 እና ከ1992 እስከ 1995 በየዓመቱ ደገመችው። ስምንት ድል ማለት ነው። በ1993 ሳፋሪ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያሉትን ደረጃዎች የያዙት ሴሊካዎች ነበሩ። ካርሎስ ሳይንዝ በ1990 እና በ1992፣ ዩሃ ካንኩነን በ1993፣ ዲዲዬ ኦሪዮል በ1994 የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት በእሷ ነው።

ነውርም አለባት። በ1995 የቶዮታ ቡድን በሕግ ከተፈቀደው በላይ አየር ወደ ቱርቦው የሚያስገባ ብልሃት ሠርቶ ተገኘና ለ12 ወር ከውድድር ታገደ። ትልቅ ኩባንያ ነው ተብሎ አልታለፈም። ሕግ ትልቁንም ትንሹንም እኩል ሲይዝ ማየት ለእኛ ብርቅ ስለሆነ ነው ያነሣሁት።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። እንበልና ሴሊካ ነገ ጧት ከፋብሪካ ወጣች። እንበልና ደርባን ያለው የሙዱላ ልጅ ላቡን አንጠፍጥፎ ገንዘቡን ቋጠረ፤ «ለወንድሜ አንድ ልላክለት» አለ። ይችላል? አይችልም! በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታውቋል። ምልክቱ ሁሉ የሚያሳየው ደግሞ አዲሷ ሴሊካ ቤንዚን እንደምትጠጣ ነው። ስለዚህ «ትመለሳለች? አትመለስም?» የሚለው የሻይ ቤት ክርክር የሚያልቀው ጃፓን ላይ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አልቋል። ልጆቹ የሚከራከሩት በተዘጋ በር ፊት ቆመው ነው።

ለነገሩ ከዚያም በፊት ቢሆን በሩ ወለል ብሎ አልተከፈተም ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ የጫነው ግብር ለደመወዝተኛ የሚቀመስ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ የቤት መኪናዎች የውጭ ምንዛሪ ከማይፈቀድላቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች ጋር ተደመሩ። ያ በኋላ ተነሣ፤ የቤንዚኑ ክልከላ ግን መጣ።

ለክልከላው የቀረበውን ምክንያት አልክድም። ነዳጅ የምንገዛው በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ የለንም። ኤሌክትሪክ ግን አለን። ከሙዱላ ወደ ኦሞ ወንዝ ቁልቁል ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ኦሞ ላይ የተሠራው ግልገል ግቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። የህዳሴው ግድብ ደግሞ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በራስ ውሃ በመነጨ ኃይል በራስ መንገድ መሄድን የሚጠላ ማን አለ? እሰየው ነው!

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህ ሕግ ሲወጣ ሐሳብ አውጪዎቹ ዓይን ውስጥ የነበረችው ከተማ የትኛዋ ናት? ቦሌ ናት ወይስ ሙዱላ? የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው የተተከሉት አዲስ አበባ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ፈትቶ መጠገን የሚችል ባለሙያም እዚያው ነው የሚፈለገው። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲደረጉ ቅናሹን የበላው መኪና መግዛት የሚችለው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ «እልል» የሚል ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ግን የሚገዛውን ቅናሽ ሳይሆን የሚሰካበትን ሶኬት ይጠይቃል። ግድቡ ሥር ተቀምጦ በኩራዝ ማምሸት ይሉሃል ይሄ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? መልሱን ራሱ ቶዮታ አሳይቶናል ባይ ነኝ።

ሁላችን የምናውቃትን ዲኤክስን አስቡ። የ1970ዎቹ መጨረሻና የ80ዎቹ መጀመሪያ ኮሮላ! ስንት ቤተሰብ ያስተማረች፣ ስንት ሙሽራ ያጀበች፣ ዛሬም ባትላሜራው ቀጥቅጦ፣ መካኒኩ ሞተር አውርዶ እያደሰ የሚያኖራት ዲኤክስ። የዚህች መኪና ተከታይ ትውልድ ውስጥ ኤኢ86 የምትባል፣ እንደ ዲኤክስ በኋላ ጎማ የምትነዳ ባለ ሁለት በር ኮሮላ አለች። ጃፓኖች በ1995 የጀመረ አንድ የሥዕል ታሪክ ላይ ቶፉ የሚያመላልስ ልጅ በእሷ ተራራ ለተራራ ሲከንፍ አሳዩና ዓለም አበደላት። ዛሬ አሮጌዋ ኤኢ86 በውድ ዋጋ የምትፈለግ ቅርስ ናት። ለዲኤክስ የሥጋ ዘመዷ መሆኗን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

ታዲያ በጥር 2023 ጃፓን ውስጥ በተደረገ የመኪና ትርዒት ቶዮታ ሁለት አሮጌ ኤኢ86 መኪናዎችን ይዞ ቀረበ። የአንዷን የቤንዚን ሞተር አውጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተርና በባትሪ ተክቶታል። ሌላዋን በሃይድሮጂን እንድትሠራ አድርጓታል። የዓለም ትልቁ መኪና አምራች «አሮጌውን አትጣሉት፣ ልቡን ቀይሩለት» ብሎ በተግባር ተናገረ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ከሴሊካ መመለስ የሚበልጥ ዜና ነው። አገራችን ውስጥ የሚሽከረከረው መኪና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። አብዛኛው አሮጌ፣ አብዛኛው ጃፓን ሠራሽ ነው። የቤንዚን መኪና እንዳይገባ መከልከል ይህን ሁሉ ብረት ከመንገድ አያወርደውም። እንዲያውም ምትክ ሲጠፋ አሮጌው ይበልጥ ይወደዳል፣ ይበልጥ ያረጃል፣ ይበልጥ ያጨሳል። ዕድሜውን የሚያራዝመው ደግሞ የሆሳዕናው፣ የዱራሜው፣ የሺንሺቾው መካኒክ ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ከብረት ቆርጦ የሚሠራ፣ ማንዋል ሳያነብ በድምፅ ብቻ ሞተር የሚያክም ባለሙያ! ዛሬ ግን ይህ ሰው ከሕጉ ውስጥ የለም። ወደ ኤሌክትሪክ የሚደረገው ጉዞ እሱን ጥሎ ነው የተነሣው።

ስለዚህ የሚሰማ ካለ ልጠይቅ። አንድ መካኒክ አንዲት ዲኤክስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥሞ ቢያቆም ወዴት ወስዶ ያስመረምራታል? ሊብሬዋ ላይ ምን ይጻፍለታል? ቦሎ ማን ይሰጠዋል? ባትሪና ሞተሩን ለብቻ ሲያስመጣ እንደ ሙሉ መኪናው የታክስ ነፃነት ያገኛል ወይስ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይቀረጣል? በየዞኑ ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ማስተማር የሚጀምሩት መቼ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ይሰጥ፤ መልሱም ከአዲስ አበባ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ሳይሆን የወረዳ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አውቆ የሚሠራበት ይሁን። ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ላይም ቢያንስ አንድ አንድ የመሙያ ጣቢያ ይተከል። ይህ ከግድብ ሥራ አይከብድም።

«ልጆቹ ቅብጠት ያዛቸው» ለምትሉ ጋሼዎችም አንድ ነገር ልበል። አገር የምታድገው ፋብሪካ ሲተከል ብቻ አይደለም፤ ብረት የሚወድ ትውልድ ሲኖራትም ነው። ጃፓንም በ1945 ከአመድ የተነሣችው እንዲህ ባሉ ልጆች ነው። እኛ ግን የብረት ፍቅር ያለውን ልጅ አንድም በደላላ እጅ ወደ ሞያሌ እንሸኘዋለን፣ አንድም ሻይ ቤት አስቀምጠን «ሥራ ፈት» እንለዋለን። ዶላር ሲልክልን ብቻ «ዳያስፖራ» ብለን ስሙን እናሳምራለን።

ሴሊካ ትመለስም ትቅር ቶዮታ ይጨነቅበት። የእኛ ጥያቄ የሞተር ነገር የገባው የሙዱላ ልጅ እጁን የሚያሟሽበት ሥራ እዚሁ አገሩ ላይ ያገኛል ወይ ነው። ይህን የሚመልሰው ጃፓን አይደለም። ክልከላውን ለማወጅ አንድ መግለጫ በቅቷል፤ ፈቃዱን ለመስጠት ስንት ዓመት ይፈጃል?