ሞተሩ፥ ዋስትናውና የላስታ አየር

አንባቢ ሆይ! ከደመወዝህ ቆጥበህ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት አስበህ እንደ ሆነ፥ ገንዘቡን ከመቁጠርህ በፊት የእኔን ጉዳይ ስማ።

እኔ የገዛሁት ከቆላ አገር ነው። በቆቦ ሜዳ ላይ እንደ ሠጋር በቅሎ ይሄድ የነበረው ሞተር፥ ጋሸናን አልፎ ላሊበላ ከገባ ወዲህ ዳገት ባየ ቍጥር ያስለው ጀመር፤ ጭሱም ጠቆረ። ሻጩ ዘንድ ወርጄ ብነግረው በሜዳው ላይ ነድቶ አየውና «ይኸው ደኅና ነው፤ ጥፋቱ የአነዳድህ ነው፤ የዋስትናው ወረቀት ይህን አይጨምርም» ብሎ አሰናበተኝ። በሜዳውማ ደኅና ነበር! የዚያን ቀን ያቃጠልሁት ቤንዚን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። ካርቡራተሩ ግን ለቆላ የተመጠነለትን ቤንዚን ማፍሰሱን አይተውም፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፥ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ የናስ ቍራጭ፥ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ ሌላ መለወጥ ነው። የሰፈራችን መካኒክ በግማሽ ሰዓት ጨረሰው፤ ዋጋውን የከፈልሁት ግን እኔ ነኝ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን፥ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል። እኔ የነገርሁት በቃል ብቻ ነበር። አንተ ግን ጉድለቱንና ቀኑን በሁለት ቅጅ ጽፈህ አንዱን አስፈርም፤ አልፈርምም ቢልህ በአደራ ደብዳቤ ላክለት፥ የፖስታ ቤቱንም ደረሰኝ ከዋስትናው ወረቀት ጋር አስቀምጥ።